የወይዘሪት መኝታ

በመሥሪያ ቤቱ ሁሉም ሰው "ጋሽ አጎንብስ" ነው የሚለው። ስሙን ያወጣችለት ስልክ ተቀባይዋ ናት። እሱም አልተቀየማትም፤ እውነቷን ነዋ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው ቤት በረሮና ትኋን፣ ጉንዳንና አይጥ ሲያሳድድ የኖረ ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ጊዜ ጥቂት ነው። በዚያ ላይ አንድ የማይተወው ልማድ አለው። የቤት እንስሳ ይኑርም አይኑር፣ ሰው ቤት ሲገባ መርጫውን ደጃፍ ላይ ያስቀምጥና በደረቱ መሬት ላይ ይተኛል። እንዲያ ተኝቶ፣ ጉንጩን ወለሉ ላይ ለጥፎ፣ ክፍሉን ዙሪያውን ያያል። ባለቤቶቹ መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ ሰውየው ራሱን የሳተ ይመስላቸዋል። ቀጥሎ ይስቃሉ።

"ሰው ቆሞ የሚያየው ቤትና ድመት የምታየው ቤት አንድ አይደለም" ይላል ከወለሉ ሳይነሳ።

ያን ዓርብ ጠዋትም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ውስጥ፣ ማእድ ቤት ወለል ላይ ተዘርግቶ ነበር። የቤቱ እመቤት በረሮ አንገፍግፏት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከበላዩ ቆማለች።

"እንስሳ የለንም ብዬዎት የለ፣ ጋሼ። ውሻው እህቴ ጋ ነው ያለው። በሉ ጠንከር ያለውን ያርጉልኝና ይጨርሱልኝ።"

"ወፍ አላችሁ" አለ እሱ፣ ቁም ሣጥኑ ሥር በጣቱ እያመለከተ። ወፍ የፈለፈለችው የጥሬ ገለባ ነበር፣ ባዶውን የቀረ።

"ውይ እሷ! እሷማ የባለቤቴ ናት፤ መኝታ ቤት ነው ያለችው። እሷም ትቆጠራለች እንዴ?"

"መጀመሪያ የምትሄደው እሷ ናት፣ እህቴ። ሰው ራሴን አመመኝ ሳይል ወፍ ከእንጨቷ ትወድቃለች። ከነቤቷ አውጥተሽ ለጎረቤት ስጪልኝ። የውሻውንም ሳህን አንሺው፤ ባዶም ቢሆን አንሺው።"

ጠንከር ያለውን አላደረገላትም። ጠንከር ያለውን የማይጠይቅ ደንበኛ አጋጥሞት አያውቅም፤ እሱ ደግሞ የሚችለውን ያህል ላለመርጨት ሰበብ ይፈልጋል። የማጠቢያ ገንዳው ሥርና የቁም ሣጥኑ በሮች ማጠፊያ ስንጥቅ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታህል የማጥመጃ ቅባት እየነጠበ፣ ውሻ ምላሱን የማያስገባበትን ቀዳዳ እየመረጠ ሁለት ሰዓት ሠራ። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ የማስጠንቀቂያውን ወረቀት ሰጣትና፣ ወረቀት የሚያነብ ሰው እንደሌለ ስለሚያውቅ በቃሉም ነገራት። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ። ዓርብ ግማሽ ቀን ነው የሚሠራው።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ሳይሆን አይቀርም። ይህን የምለው እሱን ለመስደብ አይደለም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

ሚስቱ ከሞተች ሰባት ወር ሆኗታል። እሷ በሕይወት ሳለች ይህ ሰው በሥራ ልብሱ የቤቱን ደፍ ተሻግሮ አያውቅም። በሩን ሲያንኳኳ ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ "ማነው?" አልነበረም፤ "አውልቅ!" ነበር። ደረጃው ላይ፣ ጎረቤት አየ አላየ ሳይል፣ ቱታውን አውልቆ ክዳን ያለው ሰማያዊ ባልዲ ውስጥ ይከታል፤ በውስጥ ልብሱ ሮጦ መታጠቢያ ቤት ይገባል። ባልዲው ሰገነት ላይ ያድራል። የሥራ ልብስ ከቤት ልብስ ጋር ታጥቦ አያውቅም፤ ሴትየዋ እንኳን ልብሱን፣ የማጠቢያ ሳሙናውንም ለይታ ነበር የምታስቀምጠው። እሱ ሰውን ያስተምራል፣ እሱን የምታስተምረው እሷ ነበረች።

ስትሞት ባልዲው በለቅሶው ሰሞን ለሌላ ሥራ ዋለ፤ ክዳኑ ጠፋ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በሩን በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ገባ። ማንም "አውልቅ" አላለውም። ቱታውን እንደለበሰ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ጨለማ ሲሆን አውልቆ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣለው። ምንም አልሆነም። በማግሥቱም እንዲሁ አደረገ። ሰው ሲዝረከረክ እንዲህ ነው፣ በአዋጅ አይደለም።

ሐዘን ላይ ነው ይሉታል ሰዎች፤ እሱ ግን ሐዘን የሚባለውን ነገር ሲጠብቀው አልመጣለትም። ቀብሩ ላይ አላለቀሰም። ዳቦውን ቆሞ ይበላል፣ ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍቶ ይከፍታል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይተኛል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳል። ቢቆነጥጡት የሚሰማው አይመስልም ነበር።

ቤት ውስጥ ከእሱ ሌላ ያለችው ነፍስ ድመቷ ናት። ሚስቱ "ወይዘሪት" ነበር የምትላት፤ አገባቧ፣ አቀማመጧ፣ ምግብ ቀምሳ ፊቷን የምታዞረው ነገር ሁሉ የትልቅ ቤት ልጅ ስለሚመስል ነው። እሱ ከወይዘሪት ጋር ይህ ነው የሚባል ፍቅር አልነበረውም። ያበላታል፣ አሸዋዋን ይቀይራል፣ አለቀ።

ግን ወይዘሪት አንድ ሥራ ነበራት። ዓርብ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት የሚያስሄድ ከተማ ውስጥ የምትኖረው ልጁ ትደውላለች።

"ድመቷስ?"

"ደህና ናት።"

"በላች?"

"በላች።"

"እሺ። ቻው፣ አባዬ።"

ሰባት ወር ሙሉ ንግግራቸው ይህ ብቻ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእነዚህ የሁለቱ ዝምታ ግን መንቀዝ ጀምሯል። ምክንያቱን ሁለቱም ያውቁታል። እናትየው ታማ በተኛች ጊዜ ልጅቱ በየቀኑ ትደውል ነበር፤ አባትየው "ደህና ናት" ይላት ነበር። ሚስቱ ናት እንዲያ በል ያለችው፤ "ፈተናዋን ትጨርስ፣ አታስደንግጥብኝ" ብላ። ልጅቱ ፈተናዋን ጨርሳ ስትመጣ የደረሰችው ለቀብር ነው። ለቀስተኛ በተሞላ ቤት መሀል፣ ድምፅዋን ሳታነሳ "ደህና ናት ብለኸኝ ነበር" አለችው። ሌላ ምንም አላለችውም። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰው መጠየቁን ትታ ስለ ድመት ትጠይቃለች። ወይዘሪት ባትኖር ስልኩ እንደማይጮህ ጋሽ አጎንብስ ያውቃል። ስለሌላው ነገር ሁሉ ግድ ባይሰጠውም ይህን ይፈራ ነበር።

እንግዲህ ያን ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ ወይዘሪት ወለሉ ላይ በጎኗ ተኝታ ትንቀጠቀጣለች። ጆሮዋ ለብቻው ይንዘፈዘፋል፣ አገጯ በለሃጭ ርሷል፣ ልትነሳ ስትሞክር የኋላ እግሮቿ ይከዷታል።

አንዴ አይቷት ምን እንደሆነ አወቀ። ለሃያ ሁለት ዓመት ሰው የሚያስጠነቅቅበት ነገር ነው። ቀና ብሎ ወንበሩን አየ። ቱታው መደገፊያው ላይ የለም፤ ወርዶ መቀመጫው ላይ ተከምሯል፣ መሀሉ ላይ ድመት ያደረችበት ጎድጓዳ አለ። ሐሙስ ዕለት የሠራተኞች ማደሪያ ውስጥ ለትኋን ሲረጭ የመርጫው ቱቦ ከጀርባው በኩል ያፈስ ነበር። ጀርባው ሲርስ ተሰምቶታል፤ በኋላ እቀይረዋለሁ ብሎ ቀኑን ጨርሶበታል፣ እንዳለም ይዞት መጥቷል። ዛሬ ጠዋት ተቀያሪውን ለብሶ ሲወጣ ያንን እዚያው ተወው። መድኃኒቱ ለውሻ ቁንጫ ከሚደረገው ጋር አንድ ዘር ነው። ውሻ ይችለዋል። የድመት ጉበት ግን አይችለውም፤ ፀጉሯ ላይ የነካውን ደግሞ ትልሰዋለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ጓንቱን አጠለቀ። ለብ ያለ ውሃ ቀድቶ፣ በዕቃ ማጠቢያው ሳሙና ከአንገቷ እስከ ጅራቷ አጠባት። ውሃ የምትጠላው ወይዘሪት አልቧጨረችውም፤ ያ ነው ከሁሉ ያስፈራው። በፎጣ ጠቅልሎ ሲወጣ ታችኛው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር ደረጃው ላይ አገኙት።

"ምን ሆነች?"

"መድኃኒት ነክቷት ነው፣ የኔታ።"

"ወተት! ወተት ነው እንጂ! ቆይ፣ ፍሪጅ ውስጥ አለኝ፤ ወተት መርዙን ያፈርሰዋል" ብለው ዞሩ።

"አያፈርሰውም፣ የኔታ። እየተንቀጠቀጠች ሳንባዋ ውስጥ ይገባባታል።"

"አልሰሜን ግባ በለው" አሉ ሽማግሌው ተቀይመው፤ የሕንፃውን በር ግን ከፈቱለት፣ ታክሲም ወጥተው አስቆሙለት።

የእንስሳት ሐኪሟ ልጁን የምታህል ወጣት ናት። የመድኃኒቱን ስም ነገራት፤ ከጠርሙሱ ላይ ልጦ ያመጣውን ወረቀት አሳያት፤ በምን ያህል ውሃ እንደበጠበጠው፣ ስንት ሰዓት እንደነካት፣ መቼ እንዳጠባት፣ ክብደቷ ስንት እንደሆነ፣ ወተት እንዳልሰጣት፣ አንድ በአንድ ነገራት። የሰው ቤት ጉዳይ የሚናገር ይመስል ነበር።

"እንደርስዎ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ" አለች ሐኪሟ ለመንቀጥቀጡ መርፌ እየሰጠች። "ባለሙያ ነዎት እንዴ?"

"ነኝ።"

"እና ማን ቤት ነው የነካት?"

"እኔ ቤት።"

ሐኪሟ መርፌውን ይዛ ቀና ብላ አየችው። አፈረ። ከሰባት ወር ወዲህ አንድ ነገር ሲሰማው የመጀመሪያው ነበር፤ ያው ደግሞ እፍረት ሆነ።

ድመቷን ሙቅ ብርድ ልብስ ውስጥ አድርገው፣ እግሯ ላይ ግሉኮስ ሰኩላት። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ትቆያለች ተባለ፤ የነገዋን ጠዋት ካየች ትተርፋለች። ከዚያ ሐኪሟ ወረቀት አውጥታ ትጠይቀው ጀመር።

"ሁልጊዜ የት ነው የምትተኛው?"

"ወንበር ላይ። ሹራብ አለ፣ የባለቤቴ፤ እሱ ላይ ነው።"

"የሥራ ልብስዎስ?"

"እዚያው። ከሹራቡ በላይ" አለ።

"ትናንት ብቻ ነው?"

"አይደለም። ቆይቷል።"

"እንግዲህ ትናንት በዛባት እንጂ ሲነካት ነው የኖረው። ወንበሩን፣ ወለሉን፣ ሹራቡን በደንብ አጥበው ካልጠበቁ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ነው የምንገናኘው።"

"ወንበሩን አወጣዋለሁ። ወለሉንም አጥባለሁ። ሹራቡ አይታጠብም።"

"ሱፍ ስለሆነ ነው? ሱፍ እኮ በለብታ…"

"አውቃለሁ እንዴት እንደሚታጠብ።"

ሐኪሟም ልጅ ብትሆን ቆፍጣና ናት። "እንደዚያ ከሆነ ይህቺን ድመት ወደዚያ ቤት አልመልሳትም። ሌላ የሚወስዳት ዘመድ ካለዎት ያስቡበት" አለችው።

እቤቱ ሲደርስ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነበር። ቱታውን በፌስታል አስሮ ሰገነት ላይ አወጣ። ሹራቡን አልነካውም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

ደህና ናት ማለት ይችላል። እውነት ለመናገር ዶክተሯ ተስፋ ሰጥታዋለች፤ ውሸት ነው እንኳ ሊባል አይችልም። የነገን ነገ። ስልኩ ሲጮህ ሦስት ጊዜ አስጮኸው።

"ድመቷስ?"

"ደህና አይደለችም" አለ።

በልቡ ትዘጋዋለች አለ። ሳትዘጋው ያለውን ሁሉ አወጣው፦ ቱታውን፣ ቱቦውን፣ የባልዲው ክዳን ከጠፋ ወዲህ ልብሱን ወንበር ላይ እንደሚጥል፣ ሐኪሟ ያለችውን። "ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔ ነኝ ያመጣሁባት" አለ በመጨረሻ። "አንቺ ውሰጃት። እኔ ዘንድ አትሆንም።"

"ሹራቡ…" አለች ልጅቱ። "የትኛው ሹራብ ነው?"

"አረንጓዴው።"

"የማሚ አረንጓዴው? አልታጠበም?"

"አልታጠበም። ከለበሰችው ወዲህ አልታጠበም።"

"ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ምንም እንዳታደርግ" ብላ ዘጋችው።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደረሰች። ከመምጣቷ በፊት ሐኪሟ ደውላ ወይዘሪት አድራለች፣ መንቀጥቀጡም ቀንሷል ብላው ነበር፤ በሩን ሲከፍት ሰላምታ ሳያስቀድም ይህንኑ ነገራት። ልጅቱም "እሺ" አለች። ከስታለች። እሱም ከስቷል። ስለ ክሳታቸው አልተነጋገሩም። ጓንት ሰጣት፣ አፍንጫና አፏን የምትሸፍንበት ሰጣት፣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተ። ወንበሩን ለሁለት ተሸክመው ሰገነት ላይ አወጡት፤ ወለሉን እሱ ሲፈገፍግ እሷ ውሃ ትቀዳለች። ሰገነቱ ላይ ሁለት ሳፋ ጎን ለጎን አስቀመጡ። የቀረው ሹራቡ ብቻ ነበር፤ ወንበሩ ሳይወጣ እሱ አንስቶ አልጋው እግር ሥር ካርቶን ላይ አስቀምጦታል።

ልጅቱ ገብታ አነሳችው። አንገትጌው ላይ የእናቷ ሁለት ሦስት ፀጉር እንዳለ ነበር። ጀርባዋን ለአባቷ ሰጥታ፣ አፏ ላይ ያለውን መሸፈኛ ወደ ታች አወረደችና ሹራቡን ወደ ፊቷ አስጠጋች።

"ተይ!"

እንዲህ ጮኾባት አያውቅም። ሮጦ ደርሶ አንጓዋን ያዘ።

"ፊትሽን አታስጠጊው። መድኃኒት ገብቶበታል።"

"አንዴ ብቻ፣ አባዬ።"

"አንዴም አይሆንም።"

"ትንሽ… ከሩቅ…"

"ከሩቅም አይሆንም አልኩሽ።"

ለደንበኞቹ በሚናገርበት ድምፅ ነበር የተናገረው፤ ሌላ ድምፅ አላገኘም። ልጅቱ ሹራቡን ክንዷን ዘርግታ ከአካሏ አራቀችው፤ እንዳራቀችው ቆመች። እንባዋ መሸፈኛው ላይ ይወርዳል።

"አንተ ግን ሰባት ወር ሙሉ ብቻህን ስታሸተው ነበር አይደል? ሰባት ወር! ለእኔ ደውለህ እንኳ አለ አላልከኝም።"

"እኔ አይሸተኝም።"

"ምን?"

"ሽታ አይሸተኝም። አፍንጫዬ ካቆመ አሥር ዓመት ይሆነዋል፤ ሥራው ነው። እናትሽ ብቻ ነበረች የምታውቀው። እንዳትነግሪ ብያት ነው፣ ከሥራ ያወጡኛል ብዬ። ለዚህም ነው ቱታው እንደዚያ ሲሸት ያላወቅሁት።"

ልጅቱ ሹራቡን አየች፣ እሱን አየች።

"ካልሸተተህ ታዲያ ለምንድነው ሳታጥበው የኖርከው?"

ሳፋውን ለማየት ዞረ። መልሱ ቀላል ስለነበረ ለመናገር ከበደው።

"ትመጪ ይሆናል ብዬ" አለ።

ልጅቱ ሰገነቱ ላይ ወጥታ፣ ሹራቡን በራሷ እጅ ውሃው ውስጥ ጨመረችው። እሱ አጠገቧ አጎነበሰ። ሳሙናውን ሲያፈስ እሷ እጅጌውን ያዘች፣ እሱ አንገቱን። በመጀመሪያው ሳፋ ውሃው ድፍርስ ሆነ። ደፍተው ሌላ ቀዱ። ሱፍ አይጠመዘዝም፣ እንዲሁ በመዳፍ ይጨመቃል እያለ ያሳያታል፤ እሷም እንዳሳያት ታደርጋለች። ሦስተኛው ውሃ ጠርቶ ወጣ፤ ቢሆንም ሁለቱም እጃቸውን ከሳፋው አላወጡም።